የፍራፍሬ ዋጋ በአትክልት ቦታ ብቻ አይወሰንም

ከሞጆ እስከ አዳማ (ናዝሬት)፣ ከአዳማም የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ እስከ ጢቢላ፣ መርቲና ኑራ ኤራ፣ በሌላ በኩል ደግሞ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) አድርጎ እስከ ሻሸመኔ የሚዘልቀው የስምጥ ሸለቆ ምድር ለፍራፍሬ ልማት የተመቸ መሆኑ የታወቀ ነው። ሙቀቱ፣ የመስኖ ውሃው፣ ለዋና ከተማውና ወደ ጅቡቲ ለሚወስደው መንገድ ያለው ቅርበት ተደምሮ ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ አቮካዶና ሙዝ በስፋት ሊመረትበት የሚችል አካባቢ አድርጎታል። በመሆኑም ፍራፍሬ እያመረቱ ወደ ውጭ የሚልኩ ድርጅቶች በዚሁ ምድር መቋቋማቸው፣ ከዙሪያቸው ካሉት ገበሬዎችም ጋር የውል እርሻ ለማካሄድ መፈለጋቸው የሚጠበቅ ነው።

ይሁን እንጂ የእነዚህ ድርጅቶች ዕድል በአትክልት ቦታቸው ውስጥ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ዛፉ ጤነኛ፣ ሠራተኛው ትጉህ፣ ሥራ አስኪያጁም ብልህ ሆኖ ሳለ ድርጅቱ የሚከስርበት ዓመት አለ። ይኸውም የምንዛሪ ዋጋ፣ የነዳጅና የማዳበሪያ ዋጋ፣ የወደብና የመርከብ መንገድ፣ የገዢ ሀገሮች ደንብና የሌሎች አምራች ሀገሮች አዝመራ ከድርጅቱ አጥር ውጭ ስለሚወሰኑ ነው። ከአጥር ውጭ የሚነሣው ነፋስ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ለድርጅቱ ፍሬ በሚያቀርበው ገበሬ ማሳ ላይ ነው። ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ለአባሎቻቸው ውል ከመፈረማቸው በፊት የዚህን ነፋስ አመጣጥና አካሄድ ጠንቅቀው ሊያውቁ ይገባል።

ለዚህ ከሁሉ የቀረበው ምስክር የላይኛው አዋሽ የፍራፍሬ እርሻ ታሪክ ነው። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተጠናቆ የአዋሽ ወንዝ ፍሰት ሥርዓት ከያዘ፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ በሸለቆው የመስኖ እርሻ በስፋት ተጀመረ። በኑራ ኤራና በአካባቢው ብርቱካን፣ መንደሪንና ሌሎች ፍራፍሬዎች በትላልቅ እርሻዎች ተተከሉ። ምርቱን ወደ ባሕር የሚያደርስ መንገድም አስቀድሞ ነበር፤ ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋና በአዋሽ በኩል በናዝሬት አድርጎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ማለት ነው። መሬት፣ ውሃ፣ ሐዲድና የጅቡቲ ገበያ በአንድ ላይ ስለተገኙ እርሻዎቹ የወደፊት ተስፋቸው ብሩህ መስሎ ይታይ ነበር።

ነገር ግን ከውጭ የሚመጣው ችግር መቋጫ አልነበረውም። በግንቦት 1959 ዓ.ም. በእስራኤልና በዐረብ ሀገሮች መካከል በተነሣው ጦርነት የስዊዝ ቦይ ተዘጋ፤ እስከ ግንቦት 1967 ዓ.ም. ድረስም ለስምንት ዓመታት ተዘግቶ ቆየ። ከቀይ ባሕር ወደ አውሮፓ የሚሄድ ዕቃ አፍሪካን በሙሉ መዞር ግድ ሆነበት። ቡና ወይም ቅባት እህል ይህን ጉዞ ይችለው ይሆናል፤ ፍራፍሬ ግን በመንገድ በቆየ ቁጥር ዋጋውን የሚያጣ ዕቃ ነው። ቦይው ከመከፈቱ በፊት በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ በድንገት አሻቀበና የውሃ መሳቢያ ሞተርና የጭነት መኪና ወጪ አብሮ ናረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ትላልቆቹ የፍራፍሬ እርሻዎች ከባለ ኮንሴሲዮኖች እጅ ወጥተው በመንግሥት ሥር ገቡ። የገበሬ ማኅበራትም የተቋቋሙት በዚሁ አዋጅ መሠረት ነበር። ብዙም ሳይቆይ በ1969 ዓ.ም. ማብቂያ የሶማሊያ ጦር ወረራ ሲስፋፋ የጅቡቲ ባቡር ለወራት ተቋረጠ። ብርቱካኑ በኑራ ኤራ በስሎ ዛፉ ላይ ሲጠብቅ፣ ወደ ምሥራቅ የሚወስደው ሐዲድ በጦርነት ምክንያት አገልግሎት አይሰጥም ነበር። እንዲህ ያለውን ችግር ማንም ሥራ አስኪያጅ በጥሩ ዕቅድ ሊያስቀረው አይችልም።

ከጦርነቱም በኋላ ሌላ የማይታይ ችግር ነበረ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ አንሥቶ እስከ መስከረም 1985 ዓ.ም. ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር። በሀገር ውስጥ ዋጋ ሁሉ እየጨመረ ሲሄድ ምንዛሪው ባለበት በመቆየቱ ፍራፍሬ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት በዶላር ያገኘውን ወደ ብር ሲለውጥ የሚደርሰው ጥቂት ነበር። በዚህም ምክንያት ምርቱን ለሀገር ውስጥ ገበያ ማቅረብ የተሻለ አማራጭ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመውና ሕዝቡ ኢትፍሩት እያለ የሚጠራው የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ድርጅት በየከተማው ሱቆች ከፍቶ ብርቱካንና ሙዝ ለከተማ ነዋሪ ያዳርስ የነበረው በዚህ ዘመን ነው። የመርቲ ፋብሪካም የቲማቲም ድልህና ማርማላታ በማዘጋጀት በየቤቱ ታወቀ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የውጭው ገበያ ሲጠብ ድርጅቱን ያቆመው የሀገር ውስጥ ሱቅና ፋብሪካ ነበር። በ1985 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ ወደ 5 ብር ሲለወጥ ላኪው ፋታ ቢያገኝም፣ ከውጭ የሚያስመጣው መለዋወጫና ኬሚካል በዚያው ልክ ተወደደበት። እርሻዎቹ ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ወደ ግል ባለሀብት ሲዛወሩ፣ ኢትፍሩት ደግሞ በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን ሥር ተጠቃልሏል። ባለቤቱ በተለዋወጠ ቁጥር የውጭው ነፋስ ግን አልተለወጠም።

የወደብ ጉዳይም የዚሁ አካል ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ዕቃ አገልግሎት መስጠቱን በማቆሙ የሀገሪቱ የወጪና የገቢ ንግድ አብዛኛው ክፍል በጅቡቲ ላይ ተንጠልጥሏል። አሮጌው ባቡር አርጅቶ ከቆመ በኋላ በመስከረም 2009 ዓ.ም. አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ተመርቋል። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድና ከሞጆ ወደ ባቱ የሚወስደውም መንገድ የፍራፍሬ ጭነት በጉድጓድ ሳይንገላታ እንዲጓዝ ረድተዋል። ይህ ሁሉ የሚያስደስት ሥራ ነው። ሆኖም ቀይ ባሕር ራሱ ሲታወክ ሐዲዱም አስፋልቱም ብቻቸውን ገበያ አያደርሱም። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባሕር በሚያልፉ የንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት ሲደርስ ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች እንደ 1959 ዓ.ም. ዘመን በደቡብ አፍሪካ ጫፍ መዞር ጀመሩ፤ የመድን ክፍያውም ጨመረ። ጎረቤት ኬንያ ከአፍሪካ በአቮካዶ ንግድ ቀደምት ከሆኑት ሀገሮች አንዷ ስትሆን፣ ጉዞው በመርዘሙ ምክንያት ፍሬያቸው አውሮፓ ሳይደርስ እየበሰለ የተጎዱ ላኪዎቿ ጥቂቶች አይደሉም። በስምጥ ሸለቆ አቮካዶ የሚተክል ገበሬ ይህን ሊሰማ ይገባዋል።

ሌላው ምክንያት የሩቅ ሀገር አዝመራ ነው። በጢቢላ የነበረው የመንግሥት እርሻ ከ2001 ዓ.ም. በኋላ የኔዘርላንድ ባለሀብቶች በገቡበት በአፍሪካ ጁስ ጢቢላ አክሲዮን ማኅበር ተይዞ ፓሽን ፍሩት የሚባለው ፍሬ ተተከለ፤ ጭማቂውም ተጨምቆ ለአውሮፓ ገበያ እንዲቀርብ ታቀደ። የዚህ ጭማቂ ዋጋ በዓለም ገበያ ከሚወሰንባቸው ቦታዎች ዋነኛዋ በደቡብ አሜሪካ የምትገኘው ኢኳዶር ናት። በኢኳዶር ዝናብ ተዛብቶ አዝመራው ሲጎዳ ዋጋው ይወጣል፤ ገበሬው ሁሉ ዋጋ አየሁ ብሎ በብዛት ሲተክል ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ይወርዳል። እንግዲህ የጢቢላ ፍሬ ዋጋ በጢቢላ ገበሬ ዐይቶት በማያውቀው ሀገር ሰማይ ላይ ጭምር ይወሰናል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኦሮሚያ በተፈጠረው ሁከት ጊዜ የዚሁ ድርጅት ፋብሪካ ጥቃት ደርሶበታል። የአካባቢ ሰላም ከውጭ ሁኔታዎች ሁሉ የቅርቡና የገበሬ ማኅበር መሪዎች እጅ ሊገባበት የሚችለው ነው። ሰላም ደግሞ በጥበቃ ብቻ አይገኝም፤ በመሬት፣ በውሃና በሥራ ቅጥር ረገድ በዙሪያው ያለው ሕዝብ ጥያቄ ሲሰማና ሲመለስ ነው የሚጸናው።

የገዢ ሀገሮች ደንብም እንዲሁ በየጊዜው ይጠብቃል። የአውሮፓ ኅብረት በፍሬ ላይ ሊገኝ የሚችለውን የኬሚካል ቅሪት መጠን በጥብቅ ይወስናል። ሐሰተኛ ኮድሊንግ የተባለው የእሳት ራት እንዳይገባበትም ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከአፍሪካ በሚላክ ብርቱካንና ቃሪያ ላይ የተለየ ቁጥጥር አድርጓል። አንድ ትል በአንድ ሣጥን ውስጥ ቢገኝ ጭነቱ ሁሉ ሊመለስ ወይም ሊቃጠል ይችላል። ተባይ ደግሞ ድንበር አያውቅም፤ በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች የማንጎ አካባቢዎች ተዛምቷል። ችግኝ ከማይታወቅ ቦታ አምጥቶ መትከል ተባይን በገዛ ገንዘብ ገዝቶ ማስገባት ነው።

የምንዛሪው ጉዳይ ግን ዛሬ ከሁሉ ይበልጥ ሊጤን ይገባዋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ላኪው ከሚያገኘው የውጭ ምንዛሪ ግማሹን ለራሱ እንዲያስቀምጥም ተፈቅዷል። ይህ ለላኪው ድርጅት መልካም ዜና ነው። ለገበሬውስ? ይህን ለመረዳት በቀላል ሒሳብ ማየት ይበጃል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ድርጅት አንድ ኪሎ ፍሬ በ1 ዶላር ይሸጣል እንበል። ለመርከብ፣ ለካርቶንና ከውጭ ለሚመጡ ኬሚካሎች በዶላር የሚከፍለው 60 ሳንቲም ቢሆን 40 የዶላር ሳንቲም ይቀረዋል። ዶላሩ 57 ብር ሳለ ይህ ቀሪ 22 ብር ከ80 ሳንቲም ነው። ከገበሬው ጋር በኪሎ 15 ብር ሊገዛ ተዋውሎ ከሆነ ለሌላው ወጪውና ለትርፉ 7 ብር ከ80 ሳንቲም ይተርፈዋል። ዶላሩ 114 ብር ሲሆን ግን ያው 40 ሳንቲም 45 ብር ከ60 ሳንቲም ይሆናል። ውሉ 15 ብር የሚል ከሆነና ዋጋ የሚከለስበት አንቀጽ ከሌለው ጭማሪው በሙሉ ለድርጅቱ ይገባል። ገበሬው ግን ማዳበሪያውን፣ ናፍጣውንና የመርጫ መድኃኒቱን በአዲሱ ዋጋ ይገዛል። ማለትም ድርጅቱ የውጭውን ነፋስ በሸራ ሲቀበለው ገበሬው በባዶ ደረቱ ይቀበለዋል።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ዶላሩ 57 ብር እንደሆነ የመርከብ ዋጋ በኪሎ 15 የዶላር ሳንቲም ቢጨምር ለድርጅቱ የሚቀረው 25 ሳንቲም፣ ማለትም 14 ብር ከ25 ሳንቲም ብቻ ይሆናል። ይህ ለገበሬው ከሚከፈለው 15 ብር ያነሰ ነው። በዚህ ጊዜ ድርጅቱ ውሌን አፈርሳለሁ ብሎ በግልጽ ላይናገር ይችላል። ይልቁንም ትናንት ተቀባይነት የነበረው ፍሬ ዛሬ «ደረጃውን አላሟላም» ተብሎ ከሚዛኑ ላይ ይመለሳል። ጥራት በእርግጥ መለኪያ ሊኖረው ይገባል፤ ነገር ግን መለኪያው ገበያው ሲሞቅ የሚላላ፣ ሲቀዘቅዝ የሚጠብቅ ከሆነ ጥራት ሳይሆን ኪሳራን ወደ ገበሬው ማሻገሪያ ይሆናል። በአንጻሩ ገበሬውም የአዳማ ወይም የአዲስ አበባ ነጋዴ በኪሎ ጥቂት ብር ጨምሮ ሲመጣ በውል የገባውን ፍሬ በሌሊት ጭኖ የሚሸጥ ከሆነ ድርጅቱ ጭነቱ ስለማይሞላለት ገዢውን ያጣል፤ በሚቀጥለው ዓመትም አይመለስም። ውል ሁለቱንም ወገን ካላሰረ ማንንም አይጠቅምም።

በሽንኩርትና በቲማቲም ላይ የደረሰ ኪሳራ መራራ ቢሆንም በሚቀጥለው መስኖ ሌላ ዘር ተዘርቶ ሊካካስ ይችላል። ፍራፍሬ ግን እንዲህ አይደለም። ተዳቅሎ የተተከለ አቮካዶ ወይም ማንጎ ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ድረስ መሬቱንና ውሃውን ይዞ ይቆያል። ዛፍ የተከለ ገበሬ ገበያው ሲወድቅ ነቅሎ ወደ ጤፍ ወይም ወደ በቆሎ ለመመለስ ሲሞክር ያጣው የአንድ ዓመት ሳይሆን የበርካታ ዓመታት ድካም ነው። ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪ በአንድ ፊርማ የሚያስረው የአባላቱን አንድ አዝመራ ብቻ ሳይሆን የቤተሰባቸውን የብዙ ዓመት ኑሮ ነው።

በዚህ ረገድ መሪዎቹ ሊፈጽሟቸው የሚገቡ ተግባሮች አሉ። በመጀመሪያ ውል በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ አባላቱ በሚረዱት ቋንቋ ተዘጋጅቶ በጉባኤ ከተነበበ በኋላ ሊፈረም ይገባል። በ2015 ዓ.ም. የግብርና ምርት ውል አዋጅ የወጣ በመሆኑ አምራቹና አስመራቹ የሚዋዋሉበት ሕግ ስላለ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር መመካከር ያስፈልጋል። በውሉ ውስጥ የምንዛሪ፣ የማዳበሪያና የነዳጅ ዋጋ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲለወጥ ዋጋው በስንት ጊዜና በማን እንደሚከለስ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት በዱቤ ሲቀርብ በምን ዋጋ እንደሚታሰብ፣ የፍሬ ደረጃ በማን ፊት እንደሚለካ፣ የተመለሰ ፍሬም ለሌላ ገዢ የመሸጥ መብት እንዳለ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። ፍሬው በሚመዘንበት ቦታ የማኅበሩ ተወካይ መዝገብ ይዞ መገኘት ይኖርበታል።

በሁለተኛ ደረጃ ሁሉንም ዛፍ ለአንድ ገዢና ለአንድ ገበያ ማስገዛት አይገባም። ከላይኛው አዋሽ ታሪክ እንደታየው የውጭ ገበያ ሲዘጋ ያዳነው የሀገር ውስጥ ገበያና የማቀነባበሪያ ፋብሪካ ነው። ዛሬ የአዳማ፣ የቢሾፍቱ፣ የሐዋሳና የአዲስ አበባ ጭማቂ ቤቶችና ሆቴሎች ብዛት ያለው ፓፓያ፣ ማንጎና አቮካዶ ይፈልጋሉ። ጅቡቲም የቅርብ ገበያ ናት። ከዛፎቹ መካከል ገና ጥላቸው ሳይሰፋ ቦሎቄ ወይም ሽንኩርት ማብቀል ዛፉ ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ ቤተሰቡን ያቆየዋል።

በሦስተኛ ደረጃ ገበሬው በእጁ ያለውን ሥራ አሟልቶ ሊፈጽም ይገባል። የምንዛሪን ዋጋ ማንም የገበሬ ማኅበር አይወስንም፤ ፍሬው በዱላ ተመትቶ እንዳይረግፍ፣ በመቀስ ተቆርጦ በጥላ ሥር በሣጥን እንዲቀመጥ፣ መድኃኒት የተረጨበት ቀንና ዐይነት እንዲመዘገብ ማድረግ ግን በእጁ ነው። ችግኝም ከታወቀ ጣቢያ መወሰድ አለበት። በአዳማ አቅራቢያ የሚገኘውና በ1961 ዓ.ም. የተቋቋመው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ለቆላ ፍራፍሬ ምርምር የታወቀ በመሆኑ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በዚያ የተገኘውን ዕውቀት ወደ ማሳ ማውረድ ይጠበቅባቸዋል።

በመጨረሻም የተናጠል ገበሬ ከድርጅት ጋር ሲደራደር ኃይል የለውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» እንዲሉ፣ ፍሬ አሰባስቦ፣ መኪና በጋራ ተከራይቶ፣ ዋጋ አነጻጽሮ መሸጥ የሚቻለው በኅብረት ሥራ ማኅበርና በዩኒየን ሲደራጁ ነው። በመቂና በባቱ አካባቢ ያሉት የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች በዩኒየን መደራጀታቸው ለሌሎችም አርአያ ሊሆን የሚችል ነው። የሚመለከታቸው መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶችም በበኩላቸው በሞጆና በአዳማ አካባቢ ማቀዝቀዣ ያላቸው ማከማቻዎችና የባቡር ፉርጎዎች እንዲስፋፉ፣ የዋጋና የምንዛሪ ለውጥ በየጊዜው በሬዲዮ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ለገበሬው እንዲነገር ማድረግ ይኖርባቸዋል። ላኪው ድርጅት የዓለምን ዋጋ በየዕለቱ እያየ፣ ገበሬው ግን ከሚዛኑ ፊት ሲደርስ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ድርድሩ እኩል አይሆንም።

የላይኛው አዋሽ ብርቱካን የስዊዝን መዘጋት፣ የሐዲዱን መቋረጥና የምንዛሪውን ለውጥ ሁሉ ዐይቷል። እነዚህን ነገሮች ያመጣቸው ገበሬው አልነበረም፤ ወደፊት የሚመጡትንም አያስቀራቸውም። ነገር ግን አስቀድሞ ዐውቆ በውል ቢያስር፣ ገበያውን ቢያበዛና በማኅበሩ ቢጠነክር ነፋሱ ሲመጣ ዛፉ ይወዛወዛል እንጂ አይነቀልም። አዲሱ የመትከያ ወቅት ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር መሪ ቀድሞ የተፈረመውን ውል ከሣጥኑ አውጥቶ በአባላቱ ፊት እንደገና ሊያስነብብ ይገባል።